አውቶማቲክ ከነማንዋሉ

ጥር 4 ቀን

ይድረስ ለእታበባዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ከናፍቆትሽና ከሞተው ፒክአፓችን በቀር ደህና ነኝ። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። እዚህ ስልክ የሚሠራው የውሃ ታንከሩ አናት ላይ ሲወጣ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ነፋሱ «ሃሎ»ን ከአፍ ላይ ነጥቆ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ የወተት መኪናው ሹፌር ማክሰኞና ዓርብ ሲያልፍ ደብዳቤዬን እሰጠዋለሁ። አንቺም በሱ ላኪልኝ። ሰውየው ወሬ ቢወድም የሰው ፖስታ አይከፍትም።

ለጥያቄዎችሽ፦ አዎ፣ በሰዓቱ እበላለሁ። አዎ፣ ደረቅ ካልሲ አለኝ። አይ፣ ጉድጓድ ውስጥ አልገባም። (እገባለሁ። ግን በገመድ ታስሬ ነው። ደግሞስ በውሃ ምህንድስና የተመረቀ ሰው ጉድጓድ ካልገባ የት ሊገባ ነው?)

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ለጥገና ጣቢያችን አዲስ ፒክአፕ ሊገዛ ነው፤ ባለ ሁለት ጋቢና፣ በናፍጣ የሚሠራ። ማርሹ ማንዋል ይሁን አውቶማቲክ በሚለው ግን ባልደረቦቼ ለሁለት ተከፍለው ምሳ እንኳ በተለያየ ጠረጴዛ መብላት ጀምረዋል። ኃላፊው ትናንት ጠራኝና፣ ገና ወገን ያልያዝሽ አንቺ ብቻ ነሽ፣ እስከ የካቲት መጨረሻ አጥንተሽ በጽሑፍ አቅርቢ አለኝ። እታበባ፣ ከተመረቅሁ ገና ሰባት ወሬ ነው። በዚህ ዓለም ላይ አንድ ነገር በእኔ ፊርማ ሊሆን ነው! ከደስታዬ ብዛት እስካሁን የጻፍኩት ርዕሱን ነው፤ እሱንም አራት ጊዜ።

ሌላም አለ። ሹፌራችን ልጁ ዘንድ ሊኖር ስለሚሄድ ቦታው ክፍት ነው። ይህን ስሰማ የመጣሽብኝ አንቺ ነሽ። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደግሽኝ በወፍጮ ቤቱ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ነው፤ የቤት ሥራዬን የሠራሁት የዱቄት ጆንያ ተደግፌ ነው። «ወፍጮ ቤቱ አዲስ ሹፌር ፈለገ» ብለሽ ቤት መዋል ከጀመርሽ ደግሞ ስድስት ወር ሆነ። ክፍሌ ሁለት አልጋ አላት። ለምን አትመጪም?

ችኩሌሽ


ጥር 15 ቀን

ይድረስ ለችኩሌ፣

የወተቱ ሹፌር ደብዳቤሽን በረንዳዬ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ሲሄድ ግን በሁለተኛ ማርሽ ተነሳ። ነውር ነው፣ ንገሪው።

ስለ ጤናዬ ለጠየቅሽው፣ ደህና ነኝ። ስለ ጎረቤት ለጠየቅሽው፣ ታክሲ ነጂው ጎረቤታችን አዲስ መኪና ገዝቷል፤ አውቶማቲክ ነው፣ ስለዚህ እንኳን ደስ አለህ አላልኩትም። ስለ ቧንቧው ለጠየቅሽው፣ አሁንም ያንጠባጥባል፤ የውሃ መሐንዲስ ያሳደገች ሴት ቧንቧ እንዲህ ነው።

ስለ መኪናው፦ ማንዋል። ይሄ ጥናት የሚያስፈልገው ነገር አይደለም፤ ውሃ ወደ ታች ይፈሳል ወይ ብለሽ እንደማጥናት ነው። ባትሪው ቢደክም ማንዋሉ ተገፍቶ ይነሳል፣ ያኛው እንደ እርጉዝ ላም ተኝቶ ያይሻል። ቁልቁለት ላይ ከባድ ማርሽ አስገብተሽ ሞተሩ ራሱ ይይዝሻል። ቢበላሽ እዚያው ያለ መካኒክ ይፈታዋል። አውቶማቲክ ማለት ሌላ ሰው አኝኮልሽ የምትውጪው ምግብ ነው። ስንት ጊዜ ነገርኩሽ? በቀኝ እግር ማንም ይነዳል፣ ሹፌር የሚለየው ፍሪሲዮን በሚረግጠው በግራ እግሩ ነው።

በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ዳገታችንን የሚወጣውን ሁሉ አዳምጣለሁ። ትናንት አንዱ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲዘል ማርሹ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ጮኸ። ቁጭ ባልኩበት «ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮኑን ጨርሰህ እርገጥ!» አልኩት። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አመሰገነኝ። አየሽ፣ ሥራ አልፈታሁም።

የቀረውን እንዳልመልስልሽ ወረቀቱ አለቀ።

እታበባሽ


ጥር 29 ቀን

ይድረስ ለእታበባ፣

ወረቀቱ አልቆ ከሆነ ጀርባው ንጹሕ ነበር። አገላብጬ አይቼዋለሁ።

የምክርሽን ነገር ለመካኒካችን አነበብኩለት። እዚህ «አይሆንም» ነው የምንለው፤ ለሁሉም ነገር መልሱ እሱ ስለሆነ። ቁልፍ አቀብለኝ ስትይው እንኳ «አይሆንም» ብሎ ነው የሚያቀብልሽ። ደብዳቤሽን ሰምቶ ሲጨርስ፣ ይቺ ሴትዮ የት ነው ያለችው፣ ለምን አትመጣም አለ። ይኸው እሱም ጠየቀ።

መለማመዴን ለጠየቅሽው እውነቱን ልንገርሽ? ከጎረቤት እርሻ በተዋስነው ማንዋል መኪና ወደ ሦስተኛው ጉድጓድ የሚወስደውን ዳገት ስወጣ ሞተሩ አምስት ጊዜ ጠፋብኝ። ከኋላ ቧንቧ ተጭኗል፣ በስተግራ ገደል ነው፣ ላቤ በካልሲዬ ገባ። (ደረቅ ካልሲ ያልኩሽ ከዚያ በፊት ነው።) እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ከስድስታችን አራታችን እንዲሁ ነን። መንጃ ፈቃድ ሁላችንም አለን፤ ግራ እግር ያለን ግን ጥቂቶች ነን።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደብዳቤሽ ይሸታል። እኔ የናፈቀኝ የናፍጣ ሽታ መስሎኝ በደስታ ለአይሆንም አቀበልኩት። አሽትቶ፣ ናፍጣ አይደለም፣ የመገጣጠሚያ ቅባት ነው አለኝ።

«የመኪና ነው የሰው?» አልኩት።

«የሰው» አለኝ፣ ወረቀቱንም ቀስ ብሎ አጥፎ መለሰልኝ።

እታበባ፣ የማን መገጣጠሚያ ነው?

ችኩሌሽ


የካቲት 8 ቀን

ይድረስ ለችኩሌ፣

ደብዳቤ ይነበባል እንጂ አይሸተትም። ዩኒቨርሲቲ ይህን አላስተማረሽም?

ቧንቧው ተሠራ። ዝናብ የለም። የላክሽው ሹራብ ልክ ነው፣ እጁ ብቻ ረዝሟል፤ ያንቺ ነገር ሁሌም ከልኩ ያልፋል።

አሁን ደግሞ ያላሰብሽውን አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ ለእኔ አይደለም። አንዲት የማውቃት ሴት አለች። ግራ ጉልበቷን ያማታል። ሐኪሙ፣ በቀን ሺህ ጊዜ ፍሪሲዮን ስትረግጪ ኖረሽ ጉልበትሽ ምን ይሁን ብሏታል። መራመድ ትራመዳለች፣ ደረጃ ላይ ነው የሚያስቸግራት። ፍሪሲዮን ግን አበቃ። ቀኝ እግሯ እንደ ፈረስ ነው።

ይቺ ሴት የምታውቀው ሰው ስለሌላት እኔን ትጠይቀኛለች፣ እኔ ደግሞ አንቺን። አውቶማቲክ ላይ ግራ እግር በፍጹም ምንም አይሠራም? አልፎ አልፎ እንኳ? ቁልቁለት ላይስ የሚይዝ ነገር አለው ወይስ በፍሬን ብቻ ጸሎት እያደረጉ ነው የሚወርዱት? ደግሞ፣ ይሄ የሷ ጥያቄ ነው፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ እግር ከዚያ በኋላ ምን ይሁን? እንደ ጡረተኛ ዝም ብሎ ይቀመጥ?

ለእኔ ግን ማንዋል ነው። አቋሜን አልለወጥኩም።

እታበባሽ


የካቲት 26 ቀን

ይድረስ ለእታበባ፣

መዘግየቴን ይቅር በይኝ፣ ለዚያች ለምታውቂያት ሴት በደንብ ልመልስላት ብዬ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት መንዳቷ ደነቀኝ፤ ልክ እንዳንቺ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ንገሪልኝ። ደብዳቤሽን ሳነብ ያኔውኑ «አውቶማቲክ» ብዬ ልፈርም ብዕር አንስቼ ነበር። ከዚያ አስቀመጥኩት። መኪናው የጉድጓዶቹ ነው፣ ውሃ የሚጠብቁት ሰዎች ነው። ለአንድ ጉልበት ብዬ ከመረጥኩ፣ ያ ጉልበት የቱንም ያህል ቢወደድ፣ መጀመሪያዋ ፊርማዬ ውሸት ትሆናለች። ስለዚህ ኃላፊውን ለምኜ ሻጮቹ ሁለቱንም መኪና እንዲያመጡ አስደረግሁ፤ አሥራ ሁለት ቧንቧና አራት ጆንያ ሲሚንቶ ጭነን፣ በዚያው ዳገት፣ ስድስታችንም በየተራ።

ማንዋሉን ሁለት ሰዎች እንደ ቅቤ አወጡት፤ አንዱ አይሆንም ነው። አራታችን ሞተሩ እየጠፋብን መሃል ላይ ቀረን፤ እኔ ስንሸራተት ሁለት ቧንቧ መንገድ ላይ ጥዬ ነው የቆምኩት። አውቶማቲኩን ስድስታችንም አወጣነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ እንኳ፣ ስታወጣው የከንፈር ቀለም እየተቀባች ነበር የሚል ሐሜት አለ። ቁልቁለቱንም ለዚያች ሴት ብዬ በተለይ አየሁላት። ዘንጉን ወደ ከባድ ማርሽ ጎትተሽ ታስሪዋለሽ፣ ሞተሩ ራሱ ይዞ ያወርድሻል። ፍሬን የነካሁት ታች አንዲት ዶሮ ስትሻገር ብቻ ነው።

ጉድለቱንም ጽፌዋለሁ። ተገፍቶ አይነሳም፤ ስለዚህ ትርፍ ባትሪ ይያዝ ብያለሁ። የማርሽ ሳጥኑ፣ ካምቢዮው፣ ከተበላሸ እዚህ አይጠገንም፤ ስለዚህ ዘይቱ በጊዜው ይቀየር ብያለሁ። አይሆንም ይህን አንብቦ «አይሆንም» ሳይል መለሰልኝ፤ ከሱ ይህ ጭብጨባ ነው።

ለእሷ ብዬ አልመረጥኩም። መርጬ ስጨርስ ግን እሷ እዚያው ቁጭ ብላ አገኘኋት።

ለኃላፊው ስለ ጉልበቷ ሳልደብቅ ነግሬዋለሁ። መንጃ ፈቃዷን ይዛ ትምጣ፣ ዳገቱ ይፈትናታል ነው ያለው። የመጨረሻዋን ጥያቄ ግን መመለስ አልችልም። እግሩ ሥራ ሲፈታ ምን ይሁን የሚለውን እኛ ትምህርት ቤት አላስተማሩም።

ችኩሌሽ


መጋቢት 6 ቀን

ይድረስ ለችኩሌ፣

ያቺ ሴት አመስግኚልኝ ብላለች። ግን አትመጣም።

ምክንያቷን ለምትጠይቂው፣ ወጣቶችን ሁሉ በግራ እግራቸው ስትሰድብ የኖረች ሴት ናት። አሁን እሷ ራሷ ግራ እግሯን አጣጥፋ ስትነዳ የሚያያት ሰው ምን ይላል? በረንዳ ላይ ሆና መሳደቡ ይሻላታል።

ጥናትሽ ግን ጥሩ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የወደቁትን ቧንቧዎች ሦስት ጊዜ።

እታበባሽ


መጋቢት 16 ቀን

ይድረስ ለእታበባ፣

ስለ ሴትየዋ አልጨቀጭቅም። (እጨቀጭቃለሁ፣ ግን ዛሬ አይደለም።) ዛሬ ጉድ ፈልቷል፤ ያፈላሁትም እኔ ነኝ።

ጥናቴ ጸድቆ የግዥ መጠየቂያውን ሙይ ተባልኩ። የወተቱ መኪና ጥሩንባ እየነፋ ነበር፣ በአምስት ደቂቃ ሞልቼ ሰጠሁት። አይሆንም ደግሞ ከትከሻዬ በላይ ቆሞ፣ የአሮጌውን መኪና መመሪያ መጽሐፍ አይጥ በልቶብኛል፣ የአዲሱ መጽሐፍ አብሮ ካልመጣ መኪናውን አልነካም ይላል። እኔም በትልቁ ጻፍኩት፦ «አንድ አውቶማቲክ ፒክአፕ፣ ከነማንዋሉ»።

ትናንት ከዋናው መሥሪያ ቤት ይህ መጣ፤ ቃል በቃል ልገልብጥልሽ። «አውቶማቲክ ከነማንዋሉ የሚባል ተሽከርካሪ በገበያ ላይ ስላልተገኘ፣ ጠያቂው ክፍል ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ። እስከ መጋቢት 20 ቀን ምላሽ ካልተሰጠ እንደ ቀድሞው ማንዋል የሚገዛ መሆኑን እንገልጻለን።»

ታንከሩ ላይ ወጥቼ ደወልኩ። «ማንዋሉ መጽሐፉ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ነፋሱ ምን እንዳደረሰለት አላውቅም፣ የግዥ ሠራተኛው «ማንዋል? እሺ፣ ማንዋል» ብሎ ዘጋው። እታበባ፣ ከመደወሌ በፊት የነበረው ይሻል ነበር።

የወር ጥናቴ፣ የስድስት ሰው ዳገት፣ በአንዲት ቃል ሊሄድ ነው። እኔ ተረኛ ስለሆንኩ እስከ 22 ጣቢያውን ለቅቄ መውረድ አልችልም። መሥሪያ ቤቱ ካንቺ ቤት ታች፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ማዶ፣ ሰማያዊው በር ነው። አንቺን ያን ሁሉ ደረጃ ውረጂ አልልሽም። ሰው ካለሽ ላኪልኝ። ደብዳቤው ዓርብ ይደርስሻል፣ ሰኞ ቀኑ ያልቃል።

የቸኮለችው ችኩሌሽ


መጋቢት 19 ቀን

ይድረስ ለችኩሌ፣

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ይህን ለመስማት ተዘጋጅተሽ ስለምትጠብቂ መጀመሪያ ብዬው ልለፍ።

የሚላክ ሰው አልነበረም። እውነት ለመናገር ነበረ፣ ግን ለታክሲ ነጂው ሳስረዳው «ታዲያ አውቶማቲኩ ነው ማንዋሉ የሚገዛው?» አለኝ። እሱን ብልከው አይሮፕላን ገዝተው ይሰዱልሽ ነበር። ስለዚህ ሹራብሽን ለብሼ፣ እጁን ጠቅልዬ፣ አሥራ ሰባቱን ደረጃ ወረድኩ። አሥሩን በእግሬ፣ ሰባቱን በምን እንደወረድኩ አትጠይቂኝ። በአውቶማቲኩ ታክሲ ተሳፈርኩ፤ ምንም አላልኩትም፣ ለአንዱ ጉዞ ተከባበርን።

የግዥ ሠራተኛው ትሑት ልጅ ነው፤ ወንበር ስቦልኝ ነው ያነጋገረኝ። ቅጽሽን አውጥቶ ፊቴ ዘረጋው። የእጅ ጽሑፍሽ አሁንም እንደ ፈራ ጉንዳን ነው።

«ማንዋሉ መጽሐፉ ነው» አልኩት።

«የቱ መጽሐፍ?»

«የሚነበበው። ማርሹ አውቶማቲክ፣ መጽሐፉ ማንዋል። የድሮውን አይጥ በልቶባቸው ነው።»

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነከሰ። ግን ሕግ አዋቂ ነው፣ አለቀቀኝም። «ይህን ማስተካከያ የሚሰጡት እርስዎ በምን ኃላፊነት ነው?» አለኝ።

«ሹፌሯ ነኝ» አልኩት።

ችኩሌ፣ ማን እንደተናገረ ለማየት ዞር ልል ምንም አልቀረኝም። አፌ ነው ያመለጠው። ልጁ ግን «ሹፌሯ» ብሎ ጻፈ፣ ስሜንም ጠየቀኝ፣ ማኅተም መታበት። አሁን መንግሥት ያወቀው ሹፌር ነኝ፤ የሌለ መኪና ሹፌር።

ስመለስ ታክሲው ውስጥ ከኋላ አልተቀመጥኩም። ከፊት ሆኜ የታክሲ ነጂውን ግራ እግር ሳየው መጣሁ። ጫማውን አውልቆ ዘርግቶታል፤ ተኝቷል ማለት ይቻላል። ቀናሁበት።

ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ይኸው። ወፍጮ ቤቱም አዲስ ሹፌር አልፈለገም። ቁልፉን ራሴ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ነው የወጣሁት፣ አንድ ቀን ዳገት ላይ ጉልበቴ ከፍሪሲዮኑ ላይ ስለከዳኝ። ያልነገርኩሽ ልትሰሚ የሚገባሽ ስላልሆነ አይደለም። ሹፌር እንደሆንኩ የምታውቂኝ አንቺ ነሽ፤ ሌላ ነገር ሆኜ እንድታውቂኝ አልፈለግሁም። ይቅር በይኝ።

ሁለተኛዋ አልጋ በመስኮቱ በኩል ያለችው ናት?

እታበባሽ


ሚያዝያ 18 ቀን

ይድረስ ለእታበባዬ፣

ይቅርታሽን ተቀብያለሁ፤ እኔ ግን ከቅባቱ ሽታ ጀምሮ አውቄ ስለዋሸሁሽ አንቺም ተቀበይልኝ። አዎ፣ በመስኮቱ በኩል ያለችው ናት። ከዚያ ሆነሽ ዳገቱ ይሰማል፤ የሚሰደብ ሹፌር አታጪም።

በታክሲው ስለ መለማመድሽ በላክሽልኝ ሁለት አጫጭር ደብዳቤዎች ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። የታክሲ ነጂው ግንባር እብጠቱ ወረደለት? ግራ እግርሽ ፍሪሲዮን ፍለጋ ሄዶ ፍሬኑን እንደሚረግጥ ማን አወቀ! ሰፊ ፍሬን ነው፣ ያታልላል። አይሆንም ይህን ስነግረው፣ ነባር ሹፌር ሁሉ እንዲህ ነው፣ አዲሶቹ ናቸው የማይሳሳቱት አለ። እግርሽን በሻርፕ ከወንበሩ እግር ጋር ማሰርሽ ግን ያንቺ ግኝት ነው። እኔ በገመድ ታስሬ ጉድጓድ እገባለሁ፣ አንቺ በሻርፕ ታስረሽ መኪና ትነጃለሽ፤ ቤተሰባችን ታስሮ ነው የሚሠራው። ከአሥር ቀን ወዲህ ሻርፑን መፍታትሽንም ለሁሉም አውርቻለሁ።

መኪናው ማክሰኞ ገባ። ነጭ ነው። መጽሐፉም መጣ፣ አይሆንም ፕላስቲክ አልብሶ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል። ፈተናሽ ግንቦት 5 ቀን ነው፤ ኃላፊውና አይሆንም ከጎንሽና ከኋላሽ ይቀመጣሉ፣ አሥራ ሁለቱም ቧንቧ ይጫናል። ጥናት የጻፍኩ ቀን እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። ባይሆንልሽም ክፍሉ ያንቺ ነው፣ ይህን አስቀድሜ ልበልሽ።

የወተቱ ሹፌር ራሱ ያመጣሻል። በሁለተኛ ማርሽ ቢነሳ እባክሽ እስክትደርሺ ድረስ ቻይው።

ችኩሌሽ


ግንቦት 5 ቀን፣ ጠረጴዛሽ ላይ የተተወ

ችኩሌ፣

ፈተናውን ላለማየት ብለሽ ማለዳ ጉድጓድ መግባትሽን ሰማሁ። ሰው ሲፈራ አልጋ ሥር ይገባል፣ አንቺ ግን አርባ ሜትር። ስትወጪ እንዳትፈልጊኝ ይህን ጻፍኩልሽ።

ዳገቱን ወጣሁት። አንድ ጊዜ መሃል ላይ ኃላፊው ሆን ብሎ አስቆመኝ፣ ከዚያ «ተነሺ» አለኝ። ተነሳሁ፤ ቧንቧዎቹ እንኳ አልሰሙም። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይዤ ሳወርደው መካኒኩ ከኋላ ወንበር ትንፋሹን ሲቆጥር ይሰማኝ ነበር። ታች ስንደርስ ወረደ፣ መኪናውን ዞረው፣ እኔን አየኝና «ይሆናል» አለ። ኃላፊው ቃሉን ከሱ አፍ ሰምቶ ስለማያውቅ እንዲደግምለት ጠየቀው። አልደገመውም። የመሳቢያውን ቁልፍ ግን አውጥቶ ሰጠኝ፣ ማንዋሉን አንብቢው ብሎ። ይኸው በመጨረሻ ማንዋል ያዝኩ፤ አቋሜን አልለወጥኩም ብዬሽ ነበር።

አሁን ቧንቧዎቹን ወደ ሦስተኛው ጉድጓድ እየወሰድኳቸው ነው። ለምሳ እመለሳለሁ፣ ጠረጴዛዎቹን ገጣጥሙ።

ያ ትምህርት ቤት አላስተማሩንም ያልሽው ጥያቄ መልሱ ተገኝቷል። ይህ መኪና ራዲዮ አለው። የወፍጮ ቤቱ አልነበረውም፣ ቢኖርም ግራ እግሬ ጊዜ አልነበረውም። ዛሬ ቁልቁለቱን ስወርድ ዝቅ ብዬ አየሁት፤ ማንም ሳይነግረው የዘፈኑን ምት ይመታል።

ያቺ የምታውቂያት ሴት